የትንንሽ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ጥርስ፦ የቱን ልምረጥ፣ ከየት ልጀምር?

መዳፌ ላይ ያለችው ጥርስ ከስንዴ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። በካሊፐር ስለካት 7 ሚሊሜትር ናት። ቀለሟ የተቆላ ቡና ይመስላል። ወደ ኋላ ትንሽ ጎበጥ ብላለች። ጫፏ ላይ ሽፋኑ ተሸርፎ ልሙጥ የሆነ ቦታ አለ፤ ሲበላበት አጥንት ነክቶ ሊሆን ይችላል። በባዶ ዓይን ሲያዩዋት ጠርዟ እንደ ምላጭ ቀጥ ያለ ነው። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሲያዩዋት ግን የኋላ ጠርዟ መጋዝ ሆኖ ቁጭ ይላል። የፊቱም ጠርዝ መጋዝ አለው፤ የሱ ግን እጅግ ደቃቅ ነው። ባለቤቷን የምታሳውቀው ይቺው የፊትና የኋላ ልዩነት ናት። ብዙ ሰው "ራፕተር" ከሚለው ወገን ነበረች።

የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ቤት የመጣ ሰው ቡና እስኪፈላ ድረስ ሳጥኔን ማየቱ አይቀርም። አይቶም "እኔ ብጀምር የቱን ልግዛ?" ይለኛል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን ውስጡ አራት አምስት ምርጫ አለ። ከየት አገር? ከየትኛው እንስሳ? ሙሉ ነው ወይስ ስባሪ? ገዝቼ ነው ወይስ ቆፍሬ? አንድ በአንድ ልሂድበት። ሐሳቤን ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ፦ ስሙን ሳይሆን አድራሻውን ግዙ።

የዳይኖሰር ጥርስ እንዴት ተራ ሰው እጅ ይገባል?

እኔ የወተት ጥርሴን ጣሪያ ላይ ወርውሬ ነው ያደግኩት። ሰው አንዴ ይቀይራል፣ ከዚያ በተሰጠው ይኖራል። ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ግን እስኪሞቱ ድረስ ይቀይሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ማጁንጋሶረስ የተባለው የማዳጋስካር ሥጋ በል በእያንዳንዱ ቦታ አዲስ ጥርስ የሚያወጣው በ56 ቀን ገደማ መሆኑን አስልቷል። አሎሶረስ ደግሞ 100 ቀን ገደማ ይፈጅበት ነበር። አንድ እንስሳ በዕድሜው ስንት ጥርስ እንደሚጥል አስቡት። የጣለው ጥርስ ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ደለል ይለብሰዋል፣ ድንጋይ ይሆናል። የትንንሾቹ ዳይኖሰሮች አጥንት ቀጭንና ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቶሎ ይደቃል። ጥርሳቸው ግን ጠንካራ ሽፋን አለው፤ ይቆያል። ስለዚህ ከብዙዎቹ ትንንሽ ዝርያዎች የተረፈልን ጥርስ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ የምንይዘው አንድ ነገር አለ። እንስሳው በሕይወት እያለ የጣለው ጥርስ ሥር የለውም። አዲሱ ከሥር ሲመጣ የአሮጌው ሥር ተበልቶ ያልቃል። ስለዚህ ሥር የሌለው ጥርስ ጎደሎ አይደለም፤ እንዲያውም የተለመደው እሱ ነው። ሙሉ ሥር ያለው ትንሽ ጥርስ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ነው መጠራጠር ያለባችሁ።

ስም ወይስ አድራሻ?

ገበያ ላይ ጥርስ የሚሸጠው በስም ነው። ዓይን የሚስበው ስም ነዋ። ግን ሦስት ስሞችን እንያቸው።

አንደኛው ቬሎሲራፕተር ነው። ይህ እንስሳ ስም ያገኘው በ1924 ሲሆን የተገኘው ከሞንጎሊያ ነው። ዝርያው የሚታወቀው ከሞንጎሊያና ከቻይና ብቻ ነው። ሁለቱም አገሮች ቅሪተ አካል ለግል ሽያጭ እንዲወጣ አይፈቅዱም። ስለዚህ "የቬሎሲራፕተር ጥርስ" የሚል ካርድ ያለው ዕቃ ወይ በሕገወጥ መንገድ የወጣ ነው፣ ወይ የሌላ እንስሳ ነው። ሁለቱም አይገዛም።

ሁለተኛው ዴልታድሮሚየስ ነው፤ የሞሮኮ ዳይኖሰር። ስም የተሰጠው በ1996 ነው። ስሙ የተሰጠበት አጽም የጭንቅላት አጥንት የለውም። ጭንቅላት ከሌለ ጥርስ የለም። ታዲያ ሻጩ ይህ ጥርስ የሱ መሆኑን በምን አወቀ? ገምቶ ነው። ግምቱ ለዓመታት ከሻጭ ወደ ሻጭ ሲተላለፍ እውነት መሰለ።

ሦስተኛው ትሮዶን ነው። ይህ ስም ያረጀ ነው፤ አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆሴፍ ላይዲ በ1856 ከሞንታና በመጣች አንዲት ጥርስ ላይ ተነሥቶ ነው ያወጣው። ከዚያ በኋላ ስሙ ብዙ ተንከራቷል። በ1924 ቻርልስ ጊልሞር ጥርሱ ራሰ ወፍራም ከሆነው ቅጠል በል ዳይኖሰር ጋር ተመሳሰለበትና አንድ ላይ መደባቸው። ሁለቱ የተለያዩት በ1945 ነው። በ2017 ደግሞ ተመራማሪዎች በአንዲት ጥርስ ላይ የቆመ ስም ለብዙ አጽሞች መሠረት መሆን አይችልም ብለው ከካናዳዋ የአልበርታ ግዛት የመጡትን አጽሞች ወደ ሌላ ስም አዛወሩ። ባለሙያ እንኳ እንዲህ የሚለዋውጠውን ስም ካርድ ላይ በትልቁ አስጽፎ መግዛት ለምን ያስፈልጋል?

ስም ይለወጣል፤ አድራሻ አይለወጥም። አድራሻ የምለው ይህን ነው፦ የድንጋዩ ንብርብር ስም፣ ካውንቲው፣ ግዛቱ፣ መሬቱ የማን እንደሆነ፣ የተገኘበት ጊዜ። ይህ ካለ ከሃያ ዓመት በኋላም አዲስ ጥናት ሲወጣ ጥርሳችሁ ስሙን ያገኛል። ይህ ከጠፋ ግን ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ሞሮኮ፣ ሄል ክሪክ ወይስ ጁዲት ሪቨር?

ጀማሪ መጀመሪያ የሚያገኘው የሞሮኮን ነው። ከደቡብ ምሥራቅ ሞሮኮ፣ ወደ አልጄሪያ ድንበር ከሚጠጋው ከም ከም ከሚባል አካባቢ ይመጣል። ዕድሜው 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የአካባቢው ሰዎች በእጅ ዋሻ እየቆፈሩ ያወጡታል፤ ኤርፉድና ሪሳኒ በሚባሉ ከተሞች ደግሞ ይነገዳል። ከሁሉም የሚበዛው ስፒኖሶረስ የተባለው ግዙፍ ሥጋ በል ጥርስ ነው። ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር የሚሆኑ ስለታም ጥርሶች ሲገኙ ግን "ራፕተር" ተብለው ይሸጣሉ። ራፕተር ለመሆናቸው ጠንካራ ማስረጃ የለም። ብዙዎቹ አቤሊሶር የተባለው ቤተሰብ ናቸው፤ ፊታቸው አጭር፣ ክንዳቸው ድንክ የሆነ ሥጋ በሎች።

ዋጋው ጥሩ ነው። መጠኑም ያምራል። ልጅ እጅ ላይ ቢያስቀምጡት ያስደስታል። ችግሩ ጥገናው ነው። የመጀመሪያዋን ጥርሴን የገዛሁት ከማዕድን ኤግዚቢሽን ላይ ነው፤ 40 ዶላር፣ ሞሮኮ፣ "ራፕተር"። ሥሯ ሙሉ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ጓደኛዬ አየና ዝም አለ። ከዚያ በጥጥ ላይ አሴቶን አድርጎ ሥሯን ዳበስ አደረገው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚባለው ማለት ነው። ጥጡ ቀይ ሆነ፣ ሥሩም ተላጠ። ውስጡ አሸዋና ሙጫ ነበር። ከላይ ያለው ጥርስ እውነተኛ ነው፤ ሥሩ ግን የሰው እጅ ሥራ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ወገብ ጋር ይገጣጠማል። ሞሮኮ ቅሪተ አካል ከአገር ሲወጣ ፈቃድ ትጠይቃለች። ስለዚህ ከዚያ ስትገዙ ወረቀቱን ጠይቁ፤ በተለይ ራሳችሁ ለጉብኝት ሄዳችሁ ሻንጣ ውስጥ ልትከቱ ካሰባችሁ።

ሄል ክሪክ ሌላ ዓለም ነው። ሞንታና፣ ሁለቱ ዳኮታዎች፤ የዘመን እኩያው ላንስ የሚባለው ንብርብር ደግሞ ዋዮሚንግ ውስጥ ነው። ይህ የዳይኖሰሮች የመጨረሻው ዘመን ድንጋይ ነው፤ ከላዩ የ66 ሚሊዮን ዓመቱ መስመር አለ፣ ከዚያ በላይ ዳይኖሰር የለም። ከቲራኖሶረስ ሬክስ እግር ሥር ይሯሯጡ የነበሩት ትንንሾቹ ጥርሳቸውን የጣሉት እዚህ ነው። ጥርሶቹ ቡናማ፣ ጥቁር ወይም የማር ቀለም ናቸው። አብዛኞቹ ከ1 ሳንቲሜትር አይበልጡም። ውድ ናቸው፤ ለመጠናቸው ሲታይ ደግሞ በጣም ውድ ናቸው። ግን ሻጩ ብዙ ጊዜ ካውንቲውን ይነግራችኋል፣ ጥገናውም ያነሰ ነው።

ጁዲት ሪቨርም ሞንታና ውስጥ ነው፤ ከሄል ክሪክ ግን ወደ አሥር ሚሊዮን ዓመት ይቀድማል። ከ75 እስከ 79 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የላይዲ ጥርስ የመጣችው ከዚህ ነው። የአሜሪካ የዳይኖሰር ጥናት የተወለደበት ድንጋይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ስሙ እንደ ሄል ክሪክ ስላልገነነ ገዢው ያንሳል። እኔ እንዳየሁት ተመሳሳይ ጥራት ያለው ጥርስ ከዚህ ሲሆን ረከስ ይላል። ከድንበሩ ማዶ አልበርታ ውስጥ ተመሳሳይ ዘመን ያለው ድንጋይ ሙሉ አጽሞች ስለሰጠ እንስሳቱ በደንብ ይታወቃሉ። ይህ ለጥርስ ሰብሳቢ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያነጻጽርበት መንጋጋ አለዋ።

አንድ ብቻ ግዙ ብትሉኝ ጁዲት ሪቨር እላለሁ። ለልጅ ስጦታ ከሆነ ሞሮኮም ያስኬዳል፣ ካርዱ ላይ "ሥጋ በል ዳይኖሰር፣ ዝርያው ያልታወቀ" ብላችሁ ጻፉ። ሄል ክሪክን ዓይናችሁ ከተለማመደ በኋላ አድርጉት።

የማይገዙ ቦታዎች

ሞንጎሊያና ቻይናን ጠቅሻለሁ። በ2012 ኒው ዮርክ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በጨረታ የቀረበው የታርቦሶረስ አጽም በፍርድ ቤት ተይዞ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሞንጎሊያ ተመልሷል። አልበርታ ውስጥ ቅሪተ አካል የግዛቱ ንብረት ነው። ላይ የወደቀውን በባለመሬቱ ፈቃድ ማንሣት ይቻላል፤ ያነሣው ሰው ግን ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደለም። ያለ ፈቃድ ከግዛቱ አይወጣም።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ መሬቱ የማን ነው የሚለው ነው ዋናው። በፌዴራል መሬት ላይ የጀርባ አጥንት ያለው እንስሳ ቅሪት ያለ ፈቃድ አይነሣም፤ አንዲት የስንዴ ፍሬ የምታህል ጥርስም ብትሆን። የ2009ኙ ሕግ ግልጽ ነው። በግል መሬት ላይ ግን የባለመሬቱ ነው። ሞንታና ውስጥ ባለመሬትና የማዕድን መብት ያለው ሰው ተካስሰው ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ቅሪተ አካል ማዕድን አይደለም ብሎ ለባለመሬቱ ፈረደ። ስለዚህ ሻጩን "ከማን መሬት?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚቆጣ ሻጭ ካለ ጥሩ ምልክት አይደለም።

አገራችንስ? ብዙ ሰው ኢትዮጵያን ከሉሲ ጋር ብቻ ነው የሚያያይዛት። የዳይኖሰር ጥርስ ግን አለን። ከሰሜን ምዕራቡ ደጋ በሸለቆዎቹ ጥልቀት ከሚታየው ሙገር ከሚባለው ንብርብር በ1999 እና በ2011 የወጡ ጥናቶች የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርሶችን ዘግበዋል። ዕድሜያቸው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ሄል ክሪክ ሳይወለድ በፊት። ይህን ሳነብ ልቤ እንዴት እንደሞቀ አልረሳውም። እነዚህ ጥርሶች የሚሸጡ አይደሉም፤ የሚሰበሰቡም አይደሉም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ቅርስ ናቸው። ለእረፍት ሄዳችሁ ገደል ሥር የሚያብረቀርቅ ነገር ብታዩ ቦታውን ፎቶ አንሡ፣ ካለበት አታንሡት፣ ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም ለቅርቡ የባህል ቢሮ ንገሩ።

ከየትኛው እንስሳ?

ይህ ለኔ ከሁሉም የሚጣፍጠው ክፍል ነው። ከሰሜን አሜሪካ ድንጋይ በብዛት የሚመጡት አራት ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል።

ሪቻርዶኤስቴዢያ። ስሙ ረጅም፣ ጥርሱ አጭር ነው። ስም የወጣለት በ1990 ሲሆን መነሻው ከአልበርታ የተገኘ የታችኛው መንጋጋ ጥንድ ነው። የቀረው አካሉ ምን ይመስል እንደነበር ማንም አላየም። መጋዙ በጣም ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ አንዳንዱን በአሥር እጥፍ መነጽርም መቁጠር ያታክታል። ሁለተኛው ዝርያው ቀጥ ያለ፣ ሁለት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ዓሣ ይበላ ነበር የሚሉ አሉ። ከአራቱ ብዙ ጊዜ ርካሹ እሱ ነው። ጀማሪ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም መነጽር እንድትጠቀሙ ያስገድዳችኋል። መነጽር የሌለው ሰብሳቢ ካርድ ነው የሚሰበስበው።

ራፕተሮቹ። በሳይንሱ ድሮሜዮሶር ይባላሉ። ከጁዲት ሪቨርና ከአልበርታ የሚመጣው ሶሮርኒቶሌስቴስ ነው፤ ከሄል ክሪክ ደግሞ በ2013 ስም ያገኘው አኬሮራፕተር። ጥርሱ ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ፣ ወደ ኋላ የጎበጠ ነው። የፊቱ መጋዝ ከኋላው በግልጽ ያንሳል። አኬሮራፕተር ተጨማሪ ምልክት አለው፤ ጥርሱን ብርሃን ላይ ገልበጥ ስታደርጉት በጎኑ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ስስ ሸንተረሮች ይታያሉ። ገበያው የሚሻማው በዚህ ወገን ነው፣ ስለዚህ ዋጋውም ከፍ ይላል። ስህተትም የሚበዛው እዚህ ነው። ለምሳሌ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ዛፕሳሊስ ተብሎ እንደ ልዩ እንስሳ ሲቆጠር የኖረ የጥርስ ዓይነት ነበር። በ2020 አንድ ጥሩ የራስ ቅል ሲጠና ጥርሱ የዚያው የሶሮርኒቶሌስቴስ የፊት ጥርስ ሆኖ ተገኘ። እንስሳው ጥርሱን ላባ ለማበጠር ሳይጠቀምበት እንዳልቀረ ነው አጥኚዎቹ የገመቱት።

ፔክቲኖዶን። የስሙ ትርጉም "ሚዶ ጥርስ" ማለት ነው፤ ሲያዩት ለምን እንደተባለ ወዲያው ይገባል። ከትሮዶን ዘመዶች ነው። መጋዙ ትልልቅና ጥቂት ነው፣ እያንዳንዱ የመጋዙ ጥርስ ወደ ጫፍ የታጠፈ። ሚዶ ይዞ ጸጉር የሚያበጥር እጅ ትዝ ይለኛል ሳየው። ከላንስ ንብርብር ተነሥቶ በ1982 ስም ወጣለት፤ መነሻ የሆነችው ጥርስ 6 ሚሊሜትር ገደማ ናት። አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። እንደ ራፕተር ሥጋ ለመቅደድ ብቻ የተሠራ አይመስልም፤ ነፍሳትም ፍራፍሬም ይቀምስ ይሆናል የሚል ሐሳብ አለ። ከሁሉም ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

ፓሮኒኮዶን። በ1876 ኮፕ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ያወጣው ስም ነው። አንዱ ጎኑ ልጥፍ፣ ሸንተረር የበዛበት፤ ሌላው ጎኑ እብጥ ያለ፤ መጋዝ የለውም። የማን ጥርስ እንደሆነ ክርክሩ አላለቀም። እንቆቅልሽ የሚወድ ሰው ይውሰደው። ሌላው ይለፈው።

ናኖቲራነስም "ትንሽ" ተብሎ ይሸጣል፤ ግን ጥርሱ ከነዚህ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በ1988 ስም ከወጣለት ጀምሮ "የራሱ ዝርያ ነው" እና "የሬክስ ጎረምሳ ነው" የሚሉ ወገኖች ሲከራከሩ ኖሩ። በ2025 የታተመ ጥናት ራሱን የቻለ ዝርያ ነው አለ። ጥርሱ ከሥሩ በኩል ሲታይ አራት ማዕዘን መሰል ነው፣ የሬክሱ ደግሞ ወፍራም። ዋጋው ለጀማሪ አይመከርም።

ከመግዛታችሁ በፊት የሌሎች እንስሳትን ጥርስ ለዩ። የአዞ ጥርስ ክብ ነው፣ መጋዝ የለውም፣ በሄል ክሪክ ሞልቷል። ፓሌዮሳኒዋ የተባለ ትልቅ እንሽላሊት ደግሞ ጥርሱ ደቃቅ መጋዝ ስላለው ዓይን ያታልላል። ራሰ ወፍራሙ ቅጠል በልም የፊት ጥርሱ የሥጋ በል ይመስላል፤ ጊልሞርን ያሳሳተው ይህ ቤተሰብ ነው።

ትልቅና የተጠገነ ወይስ ትንሽና ያልተነካ?

ያልተነካው። እዚህ ላይ አላመነታም። ጫፉ የተሸረፈ፣ አንድ ጎኑ የተበላ ግን የኋላ መጋዙ በግልጽ የሚቆጠር ጥርስ፣ ተለጥፎ ከተቀባ ሙሉ ጥርስ ይበልጣል። መለያው ያለው መጋዙ ላይ ነው። ስትመርጡ የሻጩን ፎቶ አጉሉና የመጋዙን መስመር ከሥር እስከ ጫፍ በዓይናችሁ ተከተሉ። መስመሩ መሃል ላይ ከተዛነፈ ወይም የመጋዙ ስፋት ድንገት ከተለወጠ ተገጣጥሟል ማለት ነው። ሐሰተኛ ብር መለያ ዓይነት የአልትራቫዮሌት መብራት ካላችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ አብሩበት፤ ብዙ ሙጫ ከድንጋዩ በተለየ ቀለም ያበራል። አንድ ስንጥቅ በንጹሕ ተጣብቆ ሻጩ ከነገራችሁ ግን ችግር የለውም። ችግሩ አለመናገሩ ነው።

የተበላ ጫፍም እንደ ጉዳት አይታይ። ከድንጋይ ወጥቶ የተሰበረ ስባሪ ጠርዙ ሸካራና አዲስ ነው። እንስሳው ሲበላበት ያለቀ ግን ልሙጥና ክብ ነው። የኋለኛው የአንድ ቀን ምሳ ምልክት ነው።

መግዛት፣ መቆፈር ወይስ ደለል መልቀም?

ከብት የሚረባባቸው አንዳንድ የሞንታናና የዳኮታ ራንቾች በቀን ሒሳብ እንግዳ ይዘው ያስቆፍራሉ። ወጪው አንድ ጥሩ ጥርስ ከመግዛት ይበልጣል፤ መንገዱ፣ ሆቴሉ፣ ሙቀቱ አለ። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር አስጽፉ፦ ያገኛችሁትን ነገር ሁሉ ትይዛላችሁ ወይስ ብርቅ የሆነው ለባለመሬቱ ይቀራል? እኛ ስንሄድ ደንቡ ተጽፎ ነበርና ማንም አልተቀያየመም።

ያቺ መግቢያው ላይ ያነሣኋት ባለ 7 ሚሊሜትር ጥርስ የመጣችው ከዚያ ነው። አካፋ አልነካትም። ጠዋት ሙሉ ቆፍረን ስባሪ የኤሊ ቅርፊት ብቻ አገኘን። ከሰዓት ልጄ ጉልበቷ ላይ ሆና የጉንዳን ጉድጓድ አፍ ታይ ነበር። የምዕራብ አሜሪካ ጉንዳኖች ጎጇቸውን በጠጠር ይሸፍናሉ፤ ጠጠሩን ሲለቅሙ መጠኑ የተስማማቸውን ጥርስም ይዘው ይመጣሉ። ቅሪተ አካል ሰብሳቢው ጆን ቤል ሃቸር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዋዮሚንግ ውስጥ የጥንት አጥቢዎችን ጥርስ በብዛት የለቀመው ከጉንዳን ክምር ላይ ነው። ልጄ ይህን አታውቅም ነበር። "ይሄ የሚያበራው ምንድነው?" አለችኝ ብቻ።

ሁለተኛው መንገድ ደለል መግዛት ነው። ከነዚህ ቦታዎች የተወሰደ፣ ታጥቦ በወንፊት የተነፋ ደለል በከረጢት ይሸጣል። ምስር እንደምትለቅሙ ሰፊ ሰሐን ላይ ዘርግታችሁ በጥርስ ብሩሽና በእርጥብ የቀለም ብሩሽ ጫፍ ትለቅማላችሁ። አብዛኛው የዓሣ ቅርፊት፣ የአዞ ጥርስና የኤሊ ስባሪ ነው። የሥጋ በል ጥርስ ላይመጣም ይችላል። ግን በአንድ ክረምት ዓይናችሁ የሚማረውን በአሥር ግዢ አይማርም። ከልጆች ጋር ለሚሠራ ሰው ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው። ስትገዙ ከረጢቱ ከየትኛው ንብርብርና ከማን መሬት እንደመጣ መጻፉን አረጋግጡ።

ምንም ሳትከፍሉ መጀመር ከፈለጋችሁ ደግሞ ሙዚየም ሂዱ። ብዙ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች ደለል የሚለቅሙ በጎ ፈቃደኞች ይቀበላሉ። ጥርሱ የናንተ አይሆንም፤ እጃችሁና ዓይናችሁ ግን ይሠለጥናል።

ቤት ከገባ በኋላ

ሱፐር ግሉ አታስነኩት። የሚሰነጠቅ ጥርስ ካለ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ፓራሎይድ ቢ 72 የተባለ ሙጫ በአሴቶን ቀጥኖ በብሩሽ ጫፍ ይደረግለታል፤ ነገ ማስለቀቅ ይቻላል። ትንሿን ጥርስ በጥጥ ላይ አታስቀምጡ፣ መጋዙ ክሩን ይይዝና ይሰበራል። ባዶ የመድኃኒት ካፕሱል ወይም ለስላሳ ስፖንጅ ያለው ግልጽ ሳጥን ይበቃል። ስትይዙ ሳህን ወይም ፎጣ ከሥር አድርጉ፤ ምንጣፍ ላይ የወደቀች ባለ 4 ሚሊሜትር ጥርስ አትገኝም።

ካርዱን በእርሳስ ጻፉ፤ ቀለም ይደበዝዛል። የሻጩን የመጀመሪያ ካርድና ደረሰኝ አትጣሉ፣ ስህተት ቢኖረውም አብሮ ይቀመጥ። የኔ የመጀመሪያዋ የሞሮኮ ጥርስ አሁንም ሳጥኑ ውስጥ አለች፤ ያለ አሸዋ ሥሯ። ካርዷ ላይ "ሥጋ በል፣ ምናልባት አቤሊሶር፣ ከም ከም፣ ትክክለኛ ቦታው አይታወቅም" ይላል። ከጎኗ ያለችው የልጄ ናት። ካርዷን ራሷ ናት የጻፈችው፤ ንብርብሩን፣ ካውንቲውን፣ ቀኑን፣ ከዚያ በቅንፍ "ጉንዳን ያወጣት"።